ሞኖዊ፣ ነብራስካ፦ የነዋሪዋን ቁጥር አንድ ወይስ ሁለት ብለን እንጻፍ?

መዝጋቢው፦

ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች። በዩናይትድ ስቴትስ ነብራስካ ግዛት፣ በቦይድ ካውንቲ ስለምትገኘው ሞኖዊ ስለተባለች መንደር ለአማርኛ ዊኪፔዲያ አጭር መጣጥፍ እያዘጋጀሁ ነው። ጽሑፉ በአመዛኙ ተጠናቋል፤ የቀረኝ በሠንጠረዡ ውስጥ «የሕዝብ ብዛት» በሚለው ረድፍ የሚገባው ቁጥር ብቻ ነው፤ የቸገረኝም እሱ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

መንደሯ የተመሠረተችው በ1902 የፍሬሞንት፣ ኤልክሆርንና ሚዙሪ ቫሊ ኩባንያ የባቡር ሐዲድ ወደ አካባቢው በደረሰ ጊዜ ነው። በ1930ዎቹ 150 ያህል ነዋሪዎች፣ ግሮሰሪዎችና ምግብ ቤቶች፣ እንዲያውም የራሷ እስር ቤት ነበራት። ከዚያ ወዲህ ታሪኳ ቁልቁል ነው። በቤተ ክርስቲያኗ የመጨረሻው የቀብር ሥርዓት የተፈጸመው በ1960 ሲሆን፣ ፖስታ ቤቱ በ1967፣ ትምህርት ቤቱም በ1974 ተዘጉ። በ1980 ቆጠራ 18 ሰዎች ተገኙ፤ በ2000 የቀሩት ሩዲ እና ኤልሲ አይለር የተባሉ ባልና ሚስት ብቻ ነበሩ። አቶ ሩዲ በ2004 ስላረፉ የ2010 ቆጠራ «አንድ» ብሎ መዘገበ። ወይዘሮ ኤልሲም ከባለቤታቸው ጋር በ1971 የከፈቱትን መጠጥ ቤት እያስተዳደሩ፣ ከንቲባም፣ ጸሐፊም፣ ገንዘብ ያዥም፣ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊም ሆነው መንደሯን ያዙ፤ በዚህም በዓለም ዙሪያ ብዙ ተጻፈላቸው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የ2020 ቆጠራ የሞኖዊን ነዋሪ «ሁለት» ይላል። ወደ መንደሯ የገባ ሰው አልነበረም፤ ሰው የሚኖርበት ቤትም የወይዘሮዋ ብቻ ነው። ታዲያ ሁለተኛው ሰው ከየት መጣ? መጣጥፉስ ላይ የትኛውን ልጻፍ?

ሐሳበ ቁጥር፦

ሁለተኛው ሰው የተፈጠረው በቆጠራ ቢሮው ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ይህንም የምለው ለቀልድ አይደለም።

የአሜሪካ ሕግ ቢሮው የማንንም ግለሰብ ምላሽ የሚያጋልጥ መረጃ እንዳያወጣ ይከለክላል። ቀደም ባሉት ቆጠራዎች ይህን ግዴታ ይወጣ የነበረው፣ ከሌሎች በቀላሉ የሚለዩ ቤተሰቦችን መረጃ በሌላ ሰፈር ካሉ ተመሳሳይ ቤተሰቦች መረጃ ጋር በማለዋወጥ ነበር። በኋላ ግን የቢሮው ባለሙያዎች በ2010 የታተሙትን ሠንጠረዦች አንድ ላይ አገጣጥመው የግለሰቦችን መዝገብ መልሶ መገንባት እንደሚቻል በራሳቸው መረጃ ላይ ሞክረው አረጋገጡ። ስለዚህ ለ2020 በእንግሊዝኛ «ዲፈረንሻል ፕራይቬሲ» የሚባለውን ስልት መረጡ። በዚህ ስልት መሠረት በእያንዳንዱ ትንሽ አካባቢ እውነተኛ ቁጥር ላይ፣ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ሊሄድ የሚችል፣ በዕጣ የሚወጣ ትንሽ ቁጥር ይደመርበታል። የየግዛቱ ጠቅላላ የሕዝብ ብዛት አይነካም፤ ከዚያ በታች ያለው የከተማና የመንደር ቁጥር ግን በሙሉ ለዚህ ሥራ የተጋለጠ ነው።

ለሦስት መቶ ሺህ ሕዝብ ከተማ የአንድ ወይም የሁለት ሰው ልዩነት ምንም አይደለም። ለሞኖዊ ግን አንድ ሰው መጨመር ሕዝቧን በእጥፍ ማሳደግ ነው። በዚህ ላይ የሚታተም ቁጥር ከዜሮ በታች እንዳይሆን በመጨረሻ ስለሚስተካከል፣ እጅግ ትንንሽ የሆኑ ቦታዎች ከመቀነስ ይልቅ ወደ መጨመር ያዘነብላሉ።

ስለዚህ ለጥያቄዎ መልሴ፦ «ሁለት» በይፋ የታተመ ቁጥር ነው፤ በመንደሯ ውስጥ የነበረ ሰው ብዛት ግን አይደለም።

ወለላ፦

ይቅርታ፣ ሐሳበ ቁጥር፣ ይህ ምሥጢር መጠበቅ ነው ወይስ የቢሮ ግትርነት? ወይዘሮዋ በቴሌቪዥን ቀርበዋል፤ ዕድሜያቸውን፣ ሥራቸውን፣ የሚሸጡትን በርገር ሳይቀር ዓለም ያውቃል። ከማን ነው የሚደበቁት?

ሐሳበ ቁጥር፦

እህቴ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚጠብቀው ታዋቂነትን እያየ አይደለም። ለጋዜጠኛ ዕድሜዬን ልናገር እችላለሁ፤ ይህ ማለት ግን መንግሥት በግዴታ ጠይቆኝ የሰጠሁትን መልስ ለሕዝብ ያወጣው ዘንድ ፈቅጃለሁ ማለት አይደለም።

አንድ ነዋሪ ብቻ ያላትን መንደር ያስቡ። «የነዋሪዎች መካከለኛ ዕድሜ» የሚለው ሠንጠረዥ የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። «በዘር»፣ «በጾታ»፣ «ቤት ባለቤትነት» የሚሉት ሠንጠረዦችም ሁሉ የዚያው ሰው የግል ማኅደር ይሆናሉ። ሞኖዊ ዝነኛ ስለሆነች ታየችን እንጂ፣ በአሜሪካ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰው ብቻ የሚኖርባቸው የቆጠራ ክልሎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ በእነሱ የሚኖሩትን ማንም በቴሌቪዥን አላየም። ለእነሱ የወጣው ደንብ ለወይዘሮዋም ይሠራል።

ስልቱ ተቃውሞ ያልገጠመው አይደለም። የአላባማ ግዛት በ2021 ቢሮውን በዚህ ጉዳይ ከስሶ ነበር፤ ክሱ በዚያው ዓመት ውድቅ ሆነ። እኔ በበኩሌ የተቃዋሚዎቹ ክርክር ለገጠር አካባቢ ክብደት እንዳለው አምናለሁ፤ ምክንያቱም ስሕተቱ በመቶኛ ሲሰላ የሚጎዳው ትንሹን ነው።

የመንገድ ሰው፦

እኔ የምኖረው ሱ ፎልስ፣ ደቡብ ዳኮታ ሲሆን፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ስለ ቆጠራ ሒሳብ የምለው የለኝም፤ ስለ ቦታው ግን ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም አንባቢ ሞኖዊን ብቻዋን የቆመች ተአምር አድርጎ እንዳያያት እሰጋለሁ።

ሞኖዊ ያለችው በነብራስካ 12 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ ነው። መንገዱ በኒዮብራራና በሚዙሪ ወንዞች መካከል ባለው ወጣ ገባ የሣር ምድር ያልፋል። በካርታ ስትመለከቱት መንደሮቹ በተመጠነ ርቀት እንደ መቁጠሪያ ተሰድረው ታያላችሁ፤ ይህ አሰዳደር የሐዲዱ ሥራ ነው። በዘመኑ ገበሬው እህሉን በፈረስ ጋሪ ጭኖ ወደ ባቡሩ አድርሶ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ መመለስ ነበረበት፤ ስለዚህ የባቡር ኩባንያዎች ጣቢያዎችን በአጭር በአጭር ርቀት ይተክሉ ነበር። በእያንዳንዱ ጣቢያ የእህል ማከማቻ ይቆማል፣ ከጎኑ ባንክ፣ ሱቅ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት ይከተላል። መንደሮቹ የተሠሩት በፈረስ ልክ ነው ማለት ይቻላል።

መኪናው ሲመጣ ልኩ ፈረሰ። በፈረስ ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው መንገድ ሩብ ሰዓት ሲሆን፣ ገበሬው በአቅራቢያው ያለውን ሱቅ አልፎ ሰፊ ዕቃ ወዳለበት ከተማ መሄድ ጀመረ። ሱቁ ሲዘጋ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ይወጣል፤ ልጆቹ ሲወጡ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ በኋላ አዲስ ቤተሰብ የሚመጣበት ምክንያት አይኖርም። በዚያ ምድር ብትነዱ ይህ ቅደም ተከተል ከመንደር መንደር ሲደጋገም ታያላችሁ። በዚያው በቦይድ ካውንቲ ግሮስ የምትባል ሌላ መንደር በ2010 ቆጠራ ሁለት ሰው ብቻ ነበራት። ካውንቲዋ ራሷ በ1910 ከ8,800 በላይ ሕዝብ የነበራት ሲሆን በ2020 የተቆጠረው 1,810 ነው። ይኸውም በካሬ ኪሎ ሜትር ከሁለት ሰው በታች ማለት ነው።

በአንጻሩ እኔ ያለሁባት ሱ ፎልስ በ2020 ቆጠራ 192,517 ሕዝብ ነበራት። የእኛ አገር ሰዎች እዚህ ጥቂት አይደለንም፤ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የመጣነው በሥጋ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ነው። ስለዚህ ፕሬሪው (ሰፊው የሣር ምድር) ባዶ ሆነ ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ሰው ከመንደር እየለቀቀ በጥቂት ከተሞች ተሰበሰበ ማለት ይቀርበኛል።

ባላገሩ፦

የመንገድ ሰው በሰፊው የገለጸውን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ዋናው ምክንያት የሱቅ ሳይሆን የመሬት ይመስለኛል።

በ1862 የወጣው የአሜሪካ የመሬት ሕግ ለሰፋሪ የሰጠው 160 ኤከር ነበር፤ በእኛ የቀድሞ ልኬት አንድ ጋሻ ተኩል አካባቢ። ይህ መጠን በምሥራቁ ዝናባማ ምድር ለአንድ ቤተሰብ የተትረፈረፈ ሲሆን፣ በምዕራብ ነብራስካ ደረቅ ሣር ላይ ግን ከብት አርብቶ ለመኖር አይበቃም ነበር። መንግሥት ራሱ ይህን ስለተረዳ በ1904 ኪንኬድ የተባለውን ሕግ አውጥቶ በምዕራብ ነብራስካ ድርሻውን ወደ 640 ኤከር አሳደገው። ከዚያ ድርቁ፣ የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀት፣ ትራክተሩ ተከታተሉ። በ1930ዎቹ ነብራስካ ከ130 ሺህ በላይ እርሻዎች ነበሯት፤ በ2017 የግብርና ቆጠራ 46,332 ቀርተው የአንዱ አማካይ ስፋት 971 ኤከር ደረሰ። ያው መሬት ይታረሳል፣ ይታጨዳል፣ ከብቱም ይደልባል፤ ምርቱም ከቀድሞው ይበልጣል። የጠፋው ሦስት ሰው ይሠራው የነበረውን አሁን አንድ ሰው ስለሚሠራው የተቀሩት ሁለቱ ናቸው።

እኔ በግብርና ላይ የምሠራ፣ አዲስ አበባ የምኖር ሰው ነኝ፤ እኛ ዘንድ የሚያሳስበን የመሬት መበጣጠስ ነው፤ በአንድ ልጅ ድርሻ ላይ ስንት ልጅ ይኖራል የሚል ነው። ስለዚህ የሞኖዊን ታሪክ እንደ ኀዘን ብቻ መጻፍ አልወድም። እርሻው በጥቂት ሰው እጅ ስለተሳካ መንደሩ ሥራ ፈታ፤ ይህም መነገር አለበት።

የመንገድ ሰው፦

ባላገሩ ያሉት ቁጥር ትክክል ነው፤ ድምዳሜውን ግን በከፊል ብቻ እቀበላለሁ። እርሻው ተሳካ ሲባል የቀሩት ሰዎች የሚከፍሉትን ዋጋ አያካትትም። በመጋቢት 2019 በኒዮብራራ ወንዝ ላይ የነበረው የስፔንሰር ግድብ በበረዶ ክምርና በጎርፍ ተሰብሮ ሲወሰድ፣ የ281 ቁጥር አውራ ጎዳና መሻገሪያና የካውንቲው የውኃ መስመር አብረው ሄዱ፤ ሕዝቡ ለረጅም ጊዜ ውኃ በቦቴ እየተጫነለት ቆየ። ሁለት ሺህ የማይሞላ ሕዝብ ድልድይ፣ የውኃ መስመር፣ አምቡላንስ ሁሉ ያስፈልገዋል፤ የሚከፍለው ሰው ግን ባነሰ ቁጥር የነፍስ ወከፉ ሸክም ይከብዳል። ከሞኖዊ ቀጥላ ባለችው ሊንች አንድ ትንሽ ሆስፒታል አለ። እንዲህ ያሉት ሆስፒታሎች የሚቆሙት ከ1997 ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት ከ25 የማይበልጥ አልጋ ላላቸው የገጠር ሆስፒታሎች በልዩ ስሌት ስለሚከፍል ነው። ያ ክፍያ ባይኖር ኖሮ ብዙዎቹ በበሽተኛ ብዛት ብቻ መቆም ያዳግታቸው ነበር።

ታሪክ ቀመስ፦

ክሩን በሙሉ አነበብኩ። የሁላችሁም ታሪክ የሚጀምረው ከሐዲዱ ወይም ከ1862 ሕግ መሆኑ አስገርሞኛል። ምድሩ ከዚያ በፊትም ባለቤት ነበረው።

በኒዮብራራ ወንዝ አፍ አካባቢ ይኖር የነበረው፣ ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ የሆነው የፖንካ ሕዝብ በ1877 በወታደር ታጅቦ ዛሬ ኦክላሆማ ወደምንለው ግዛት ተጋዘ። በጉዞውና በአዲሱ ስፍራ በበሽታ ብዙ ሰው አለቀ። ከአለቆቹ አንዱ የነበረው ስታንዲንግ ቤር፣ የሞተውን ልጁን በአባቶቹ ምድር ሊቀብር፣ አስከሬኑን ይዞ ከጥቂት ተከታዮቹ ጋር በ1879 መጀመሪያ፣ በብርዱ ወራት፣ ወደ ሰሜን በእግሩ ተመለሰ፤ ነብራስካ ሲደርስም ተያዘ። ጉዳዩ ኦማሃ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ታይቶ፣ ዳኛ ኤልመር ዳንዲ በግንቦት 1879 «ሕንዳዊ» (የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪ ያኔ የሚጠራበት ስም) በሕግ ፊት ሰው ነው፣ ያለ አግባብ ሲያዝም ፍርድ ቤት ሊጠይቅለት ይችላል ሲል ፈረደ። ሰውየውም ልጁን ወስዶ በኒዮብራራ ዳርቻ ቀበረ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1882 የቦይድ ካውንቲ ምድር ከዳኮታ ተነሥቶ ወደ ነብራስካ ተዛወረ፤ ቀጥሎም ለነጭ ሰፋሪዎች ተከፈተ።

የዚህ ክር ርእስ «የሕዝብ ቁጥር» ከሆነ፣ በዚያ ዘመን ሕገ መንግሥቱ «ግብር የማይከፍሉ ሕንዳውያን» የሚላቸውን ለውክልና ከሚቆጠረው ሕዝብ ውጭ ያደርጋቸው እንደነበር መታወስ አለበት። ዛሬ በሌለ ሰው የተደመረው ቁጥር፣ ያኔ በነበረ ሰው ተቀንሷል። መዝጋቢው፣ በመጣጥፍዎ ስለ ፖንካ ቢያንስ አንድ አንቀጽ እንዲኖር እጠይቃለሁ።

ወለላ፦

የታሪክ ቀመስ አስተያየት ይጨመር ከሚሉት ነኝ። አንድ ነገር ግን አሁንም አልገባኝም። «አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም» ይባላል። አንድ ሰው ከንቲባ ሆኖ ራሱን መርጦ፣ ለራሱ መጠጥ ቤት ፈቃድ ፈርሞ፣ ከራሱ ግብር ሰብስቦ እንዴት ሕጋዊ ይሆናል? እኛ አገር ቢሆን የአጎራባች ቀበሌ አካል ትደረግ ነበር።

መዝጋቢው፦

ይህን ለመጣጥፉ ስል አጥንቼው ነበር። በነብራስካ ሕግ አንድ ስፍራ «መንደር» ተብሎ የራሱን አስተዳደር ሊያቋቁም የሚችለው ነዋሪው ከ100 እስከ 800 ሲሆን ነው፤ ነገር ግን አንዴ ከተቋቋመ በኋላ ነዋሪው ከዚያ ስላነሰ ብቻ ሕጋዊ ሰውነቱ አይቀርም። ስለዚህ መንደሯን ያቆማት የሰው ብዛት ሳይሆን በየዓመቱ የሚሞላው ወረቀት ነው። ወይዘሮ ኤልሲ የመንገድ ዕቅድ አዘጋጅተው ለግዛቱ ያስገቡ ነበር፤ በዚያም ለአራቱ የመንገድ መብራቶች ገንዘብ ያገኛሉ። ከራሳቸውም መብራትና ውኃ የሚያስቀጥል ጥቂት መቶ ዶላር ግብር ይሰበስባሉ። የመጠጥ ፈቃዱን እንደ ከንቲባ ለራሳቸው እንደሚሰጡ እየሳቁ ይናገሩ ነበር፤ እርስዎ የጠቀሱት ተረት ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱ ግን የሚቃወም ሌላ መራጭ የለም የሚል ብቻ ይመስለኛል።

ዝናዋም የመጣው ከዚህ ሕጋዊ ሰውነት ነው። በዋዮሚንግ ግዛት ያለችው ቡፎርድም አንድ ነዋሪ እንዳላት ይነገርላት ነበር፤ በ2012 በጨረታ ቀርባ አንድ የቬትናም ነጋዴ በ900 ሺህ ዶላር ገዝቷታል። ነገር ግን ቡፎርድ አስተዳደር ያልነበራት የግል ይዞታ ስለነበረች ልትሸጥ ቻለች። በሞኖዊ ቤትና መሬት ሊሸጥ ይችላል፤ መንደሯን የሚሸጥ ባለቤት ግን የለም።

ባላገሩ፦

ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ምንም አላላችሁም፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ያ ነው። አምስት ሺህ ያህል መጻሕፍት በአንዲት ትንሽ ክፍል፣ አንድ ሰው ብቻ ባለበት መንደር!

መዝጋቢው፦

ይካተታል። መጻሕፍቱን የሰበሰቡት አቶ ሩዲ ነበሩ፤ ለሕዝብ ሊከፍቷቸው አስበው ሳይሆንላቸው ስላረፉ፣ ቤተሰቡ ሐሳባቸውን ፈጽሞ በስማቸው ሰየመው። አንባቢዎቹና የመጠጥ ቤቱ ደንበኞች የመንደሯ ነዋሪዎች አይደሉም፤ በዙሪያው ያሉ ገበሬዎችና አርቢዎች፣ ከሩቅም የሚመጡ ጎብኚዎች ናቸው። የቆጠራ ቁጥር ይህን አያሳይም፤ ቁጥሩ የሚይዘው በመንደሯ ወሰን ውስጥ የሚያድረውን ሰው ነው፤ የሚውልባትን አይቆጥርም።

ሐሳበ ቁጥር፦

ወደ መነሻው ልመልሳችሁ። ሠንጠረዡ ላይ የሚገባው ቁጥር 2 መሆን አለበት፤ ዊኪፔዲያ የታተመ ምንጭ ይጠይቃልና። ከጎኑ ግን ማብራሪያ ይኑረው። ጉዳዩን በመጨረሻ የሚዘጋው የቢሮው የራሱ መዝገብ ነው። የአሜሪካ የግለሰብ የቆጠራ ቅጾች ለ72 ዓመት ታሽገው ይቆያሉ፤ የ1950 ቅጾች ለሕዝብ የተከፈቱት በሚያዝያ 2022 ነው። በዚህ ስሌት የ2020ው በ2092 ይከፈታል። የ1950ውን ግን ዛሬም ማንበብ ይቻላል፤ በዚያ ዓመት ሞኖዊ ውስጥ ማን ከማን ጋር ይኖር እንደነበር፣ ሥራቸውም ምን እንደነበር በቆጣሪው የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ለመጣጥፍዎ ከጋዜጣ ይልቅ ከዚያ ቢጠቅሱ እመርጣለሁ።

ታሪክ ቀመስ፦

በዋዮሚንግ ያለችው ሎስት ስፕሪንግስ በ2000 ቆጠራ አንድ ነዋሪ ብቻ ተብላ ስትመዘገብ የመንደሩ ሰዎች አራት ነን ብለው እንደተከራከሩ ልብ በሉ፤ ያ ስልት ገና ሥራ ላይ ሳይውል ማለት ነው። በ2010 አራት ተባለች። ስለዚህ በማብራሪያው ላይ ስሕተትን ሁሉ በአዲሱ ስልት አታሳቡ።

መዝጋቢው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመክፈቻውን አንቀጽ እንደሚከተለው አስተካክያለሁ፤ ተቃውሞ ያለው እስከ ነገ ይጻፍልኝ፦

«ሞኖዊ በነብራስካ ግዛት በቦይድ ካውንቲ፣ በ12 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ በሕግ የተቋቋመች መንደር ናት። በአካባቢው ቀድሞ ከነበሩት ሕዝቦች አንዱ የፖንካ ሕዝብ ሲሆን፣ በ1877 በግዳጅ ከምድሩ ተነሥቷል። መንደሯ በ1902 ከባቡር ሐዲዱ ጋር ተመሥርታ በ1930ዎቹ 150 ያህል ነዋሪዎች ነበሯት። በ2010 ቆጠራ አንድ ነዋሪ ተመዝግቧል። በ2020 ይፋ የሆነው ቁጥር 2 ነው፤ ይህ ቁጥር የግለሰቦችን መረጃ ለመጠበቅ ሲባል በቆጠራ ቢሮው ሆን ተብሎ ከተደረገ ማስተካከያ ጋር የታተመ ሲሆን፣ በጊዜው በመንደሯ ይኖሩ የነበሩት አንዲት ሴት ብቻ ናቸው።»

ወለላ፦

«አንዲት ሴት ብቻ» ከሚል «ከንቲባዋ ብቻ» ቢል ይሻላል። ሌላው ሁሉ ይሁን።